አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ እና የሰንጠረዡ ቁጥር

አንባቢ ሆይ! ከዚህ ቀጥሎ የሕይወት ታሪካቸው የሚቀርብልዎት ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ይጠጋል። የተወለዱት ከአገራችን እጅግ ርቆ በሚገኘው በኸዋሪዝም ምድር ሲሆን ያረፉትም ዛሬ አፍጋኒስታን በምትባለው አገር በጋዝና ከተማ ነው። ይሁን እንጂ ደብረ ወርቅ ላይ ቆሞ የመስጂድ ቂብላ የሚያቀና ሰው፣ የሐበሻውን፣ የሂጅራውንና የፈረንጁን ዘመን እያመሳከረ ቀጠሮ የሚይዝ ነጋዴ፣ በወራሾች መካከል ሚራስ የሚያካፍል ሸይኽ፣ እያንዳንዳቸው እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ከፈጁባቸው ጥያቄዎች አንዱን በእጃቸው ይዘዋል። ስማቸው አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ ይባላል።

ስለ እሳቸው በአንድ አጭር ጽሑፍ ሁሉን ተናግሮ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዤ በዙሪያው መሄድን መርጫለሁ። ያም ነገር አንድ ቁጥር ነው፤ 18,446,744,073,709,551,615። በቃል ሲነበብ 18 ኩንቲሊዮን ከ446 ኳድሪሊዮን ከ744 ትሪሊዮን ከ73 ቢሊዮን ከ709 ሚሊዮን ከ551 ሺህ 615 ይሆናል። እባክዎ ርዝመቱን አይተው ገጹን አይግለጡት። ማባዛት የተማረ ልጅ ሊከተለው በሚችል መንገድ እንደሚገኝ ወደ በኋላ እናየዋለን።

አል-ቢሩኒ የተወለዱት በ362 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ973፣ ካስ በምትባለው የኸዋሪዝም መዲና አጠገብ ነው። ቦታው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ይገኛል። ቢሩን በፋርስኛ ውጭ ማለት በመሆኑ፣ ቢሩኒ የተባሉት ከከተማው ቅጥር ውጭ ያለ ሰፈር ተወላጅ ስለሆኑ ነው ይባላል። ገና በልጅነታቸው ከገዢው ቤተሰብ የተወለዱት የሒሳብ ሊቅ አቡ ነስር መንሱር ኢብን ዒራቅ ወደ እሳቸው አቅርበው አስተማሯቸው። መምህር መልካም ከሆነ ፍሬው ቶሎ ይታያልና፣ ዕድሜያቸው 17 ገደማ ሳለ የፀሐይን ከፍታ ለክተው የካስ ከተማ ከምድር ወገብ ምን ያህል ርቃ እንደምትገኝ አሰሉ።

ይህ የተረጋጋ ኑሮ ግን ብዙ አልቆየም። በ995 የጉርጋንጁ ገዢ ካስን ወግቶ ያዘ፣ የመምህራቸውም ወገን ከሥልጣን ወረደ። አል-ቢሩኒም በሃያ ሁለት ዓመታቸው አገር ጥለው ተሰደዱ። በስደቱ ዘመን ሬይ በምትባለው ከተማ (ዛሬ ቴህራን አጠገብ ናት) በድህነት ተቀምጠው ሳለ፣ አንድ ኮከብ ቆጣሪ በአንድ የሒሳብ ጉዳይ ላይ ሲከራከሩት ደሃ በመሆናቸው ብቻ ንቆ አንገታቸውን እንዳስደፋቸው፣ ኋላ ኑሯቸው ሲሻሻል ግን ያው ሰው ወዳጅ ሆኖ እንደቀረባቸው ራሳቸው ጽፈዋል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ልብ ይበሉልኝ። ያ ኮከብ ቆጣሪ የተከራከረው በስሌቱ አልነበረም፤ በልብሳቸው ነው። ቁጥር ግን የተናገረው ሰው ምን ለብሷል ብሎ አይለወጥም። አል-ቢሩኒ ከሰው አፍ ይልቅ በስሌትና በመለኪያ የታመኑት ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በ997 ለጥቂት ጊዜ ወደ ካስ ተመልሰው ነበር። በዚያን ዓመት በግንቦት ወር ጨረቃ ስትጋረድ እሳቸው ካስ ላይ፣ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ አቡል ወፋ ደግሞ ባግዳድ ላይ ሆነው ሰዓቱን መዘገቡ። ግርዶሹ ለሁለቱም በአንድ ቅጽበት የሚታይ በመሆኑ፣ በሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት የቦታቸውን ርቀት በምሥራቅና በምዕራብ አቅጣጫ ለማወቅ ቻሉ። ስልክ በሌለበት ዘመን ጨረቃን መልእክተኛ ያደረጉ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ በካስፒያን ባሕር አቅራቢያ በጉርጋን ይገዛ የነበረው ቃቡስ ኢብን ወሽምጊር ተቀበላቸው። በ1000 ዓመት ገደማ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው፣ አል-አሣር አል-ባቂያ የተሰኘውን ታላቅ መጽሐፍ ጽፈው ለእሱ አበረከቱለት። መጽሐፉ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ዘመን አቆጣጠር የሚመረምር ነው። የፋርሶችን፣ የአይሁድን፣ የሶርያ ክርስቲያኖችን፣ የዐረቦችን፣ እንዲሁም ወራቸው እንደ እኛው ሠላሳ ሠላሳ ቀን ሆኖ በመጨረሻ አምስት ቀን የሚጨምሩትን የግብፅ ቅብጦች አቆጣጠር ሁሉ አንዱን ከሌላው እያስተያየ ይተነትናል። የማንንም ሕዝብ አቆጣጠር ሳያንቋሽሹ እንደየባለቤቱ አስረዱ። የኛ ቁጥር የሚገኘውም በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰንጠረዥ ጨዋታ ነው። ሰንጠረዥ የሚለው የአማርኛ ስም ሸጥረንጅ ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር አንድ ሲሆን መነሻውም ከህንድ ነው። በአገራችን መኳንንቱ ይወዱት እንደነበር ይታወቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። የሐበሻው ሰንጠረዥ ለየት የሚልበት ነገርም አለው፤ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድነት ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላሉ። የገበታው ቤት ግን እዚያም እዚህም 8 ጊዜ 8፣ ማለትም 64 ነው።

ኢብን ኸሊካንን የመሰሉ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ጨዋታውን የፈለሰፈው ሲሳ የሚባል ህንዳዊ ሊቅ ነው። ንጉሡ በጨዋታው ተደስቶ የፈለገውን እንዲጠይቅ ቢፈቅድለት፣ ሲሳ በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ ስንዴ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ በአራተኛው ስምንት፣ እንዲህ እያለ እስከ 64ኛው ቤት ድረስ በእጥፍ እየጨመረ እንዲሰጠው ለመነ። ንጉሡም ልመናው አነሰበትና ቅር አለው። የጎተራው ሹማምንት ግን አስልተው ሲጨርሱ በመንግሥቱ ያለው እህል ሁሉ እንደማይበቃ ነገሩት። ይህ እንግዲህ ተረት ነው። የዐረብኛ የሒሳብ ሊቃውንት ግን ተረቱን ሰምተው አላለፉም፤ ድምሩ ስንት ነው ብለው ጠየቁ። ከአል-ቢሩኒ በፊት በደማስቆ የጻፈው አል-ኡቅሊዲሲም ይህንኑ የእጥፍ ስሌት አንስቶታል።

ቀላሉ መንገድ 63 ጊዜ እጥፍ ማድረግና 64ቱን ቁጥር አንድ ላይ መደመር ነው። ይህን የሞከረ ሰው መሐል ላይ አንድ አኃዝ ቢያሳስት ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል። አል-ቢሩኒ ግን ሁለት ሕጎችን ብቻ ይዘው አቋረጡት።

የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው። ከየትኛውም ቤት በፊት ያሉት ሁሉ ቢደመሩ ከዚያ ቤት በአንድ ብቻ ያንሳሉ። 1፣ 2 እና 4 ሲደመሩ 7 ይሆናሉ፤ ቀጣዩ ቤት 8 ነው። 8ን ሲጨምሩ 15 ይሆናል፤ ቀጣዩ 16 ነው። ስለዚህ የ64ቱን ቤት ድምር ለማግኘት፣ በገበታው ላይ የሌለውን 65ኛ ቤት ማወቅና አንድ መቀነስ ይበቃል። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ የአንድን ቤት ቁጥር በራሱ ሲያባዙት ከመጀመሪያው ቤት እጥፍ ወደሚርቅ ቤት ይዘልላል የሚል ነው። አምስተኛው ቤት 16 ነው። 16 በራሱ ሲባዛ 256፣ ይኸውም 9ኛው ቤት ነው። 256 በራሱ ሲባዛ 65,536፣ 17ኛው ቤት ነው። ያም በራሱ ሲባዛ 4,294,967,296፣ 33ኛው ቤት ይሆናል። ይህኛው በራሱ ሲባዛ 18,446,744,073,709,551,616 ሆኖ 65ኛው ቤት ላይ ያርፋል። አንድ ሲቀነስለት የኛ ቁጥር ተገኘ። በአራት ማባዛትና በአንድ መቀነስ ብቻ!

አሁን እስቲ ስንዴውን ትተን በእኛው እህል እንመልከተው። የደብረ ወርቅ፣ የብቸናና የሞጣ ሰው ጤፍን ሳይመዝን ያውቀዋል። በአንድ ግራም ውስጥ 3,000 ያህል ፍሬ ጤፍ አለ ብለን እንነሳ። የመጀመሪያው ተርታ ስምንት ቤት ሲሞላ 255 ፍሬ ነው፣ በሁለት ጣት የሚነሣ ቁንጥር ያህል። ሁለተኛው ተርታ ሲያልቅ ጠቅላላው 22 ግራም ገደማ ይሆናል። ሦስተኛው ሲያልቅ አምስት ኪሎ ተኩል ያህል። አራተኛው ተርታ ሲያልቅ፣ ማለትም የገበታው እኩሌታ ሲሞላ፣ 14 ኩንታል ብቻ ነው። ይህን አንድ ደህና ገበሬ በዘመን ምርቱ ሊከፍለው ይችላል። የንጉሡ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ጎተራው አልጎደለም፣ ቀሪው ግማሽም እንደ ፊተኛው መሰለው። ነገር ግን ሁሉም ሲሞላ ከ61 ቢሊዮን ኩንታል በላይ ጤፍ ይሆናል። አገራችን በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ50 እስከ 60 ሚሊዮን ኩንታል የሚሆን ጤፍ አምርታለች። እንግዲህ አል-ቢሩኒ መጽሐፋቸውን በጻፉበት ዓመት መከመር ብንጀምርና በየዓመቱ ዛሬ የሚመረተውን ሁሉ አንዲት እንጀራ ሳንጋግር ብንከምር፣ ክምሩ የሚሞላው ገና በእኛ ዘመን ነበር።

የቁጥሩ ጠባይ በትልቅነቱ ብቻ አያበቃም። ከላይ ያየነውን መሰላል ከ2 ጀምረው ይጻፉት፦ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 እና 4,294,967,296። እያንዳንዱ የፊተኛው በራሱ ተባዝቶ የተገኘ ነው። አሁን በስድስቱም ላይ አንድ አንድ ይጨምሩ፤ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 እና 4,294,967,297 ይሆናሉ። እነዚህን ስድስቱን እርስ በርስ ቢያባዟቸው ውጤቱ ያው የሰንጠረዡ ቁጥር ነው፣ አንድም አይጎድልም አንድም አይተርፍም። የመጀመሪያዎቹን በእጅዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። 3 ጊዜ 5 ማለት 15 ነው፣ የአራት ቤት ድምር። 15 ጊዜ 17 ደግሞ 255 ነው፣ የስምንት ቤት ድምር።

ከስድስቱ አምስቱ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው፣ በትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር የሚባሉት ናቸው። ፌርማ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1640 ስድስተኛውም እንዲሁ ነው ብሎ ያምን ነበር። ኦይለር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ግን በ1732 ያ ቁጥር 641 በ6,700,417 ተባዝቶ እንደሚገኝ አሳየ። ስለዚህ የሰንጠረዡ ቁጥር ሰባት ብቸኛ ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ገብተው የሠሩት ነው፤ ያለ ትርፍ የሚያካፍሉት ቁጥሮችም በጠቅላላው 128 ናቸው። ያንን ሁሉ ጤፍ ለሦስት፣ ለአምስት ወይም ለአሥራ ሰባት ወራሾች ቢያከፋፍሉት ሁሉም እኩል ይደርሳቸዋል። ለሁለት ወይም ለሰባት ቢያከፋፍሉት ግን አንዲት ፍሬ ትተርፍና ታጣላለች!

በአገራችን አኃዝ መጻፉም ደስ ይላል። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ትልቁ ምልክቱም እልፍ፣ ማለትም 10,000 የሚባለው ፼ ነው። ቁጥራችን ባለ 20 አኃዝ በመሆኑ አራት አራት እየሆነ በአምስት ክፍል ይከፈልና በአራት እልፍ ተሳስሮ ይጻፋል፤ ፲፰፻፵፬፼፷፯፻፵፬፼፯፻፴፯፼፱፻፶፭፼፲፮፻፲፭።

ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ ግን የሚከተለው ይመስለኛል። ከ64ቱ ቤቶች የፈለጉትን መርጠው የቀረውን ቢተዉ፣ ከ1 እስከ 18,446,744,073,709,551,615 ያለውን ማንኛውንም ቁጥር መሥራት ይችላሉ፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር መንገዱ አንድ ብቻ ነው። 13ን ይፈልጋሉ? 1፣ 4 እና 8ን ይውሰዱ፤ ሌላ መንገድ የለም። በዓለም ላይ ያሉ የሒሳብ መጻሕፍት የኢትዮጵያውያን ማባዣ ብለው የሚጠሩት ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ለምሳሌ 13 ፍየል እያንዳንዱ በ24 ብር ቢሸጥ፣ በአንድ ወገን 13ን እያጋመሱ ትርፏን እየጣሉ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይጻፉ፤ በሌላ ወገን 24ን እያጠፉ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ይጻፉ። ከጎዶሎዎቹ ከ13፣ ከ3 እና ከ1 ፊት ለፊት ያሉትን 24ን፣ 96ንና 192ን ሲደምሩ 312 ብር ይመጣል። ማጋመስና ማጠፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ማባዛትን አወቀ ማለት ነው። (ፍየል በ24 ብር የሚሸጥበት ዘመን አልፏል፤ ለስሌቱ ያህል ነው።) ኮምፒዩተሮችም የሚያስቡት በዚሁ ዘዴ ነው። ባለ 64 ቤት የሆነው ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ሙሉ ቁጥር፣ አል-ቢሩኒ በብዕርና በቀለም ያገኙት ይኸው ቁጥር ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። በ1004 ገደማ ወደ ኸዋሪዝም ተመልሰው ለገዢው ለመእሙን አማካሪ ሆኑ። የመንግሥት አማካሪነት ለሊቅ የሚመች ሥራ አይደለም፤ ሰባት ዓመት ያህል በዚያ ደክመዋል። በ1017 የጋዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ኸዋሪዝምን ወርሮ ያዘ፤ አል-ቢሩኒንም ከመምህራቸው ከአቡ ነስር ጋር ወደ ጋዝና ወሰዳቸው። እንግዳ ነበሩ ለማለትም ምርኮኛ ነበሩ ለማለትም ይከብዳል፣ ከሁለቱም ነበረበት።

በሚቀጥለው ዓመት ከካቡል አጠገብ በምትገኝ አንዲት መንደር ሳሉ የፀሐይን ከፍታ መለካት ፈለጉ። መሣሪያ አልነበራቸውም። የሒሳብ ገበታቸውን ገልብጠው በጀርባው ላይ የክብ እሩብ ሥለው፣ በዲግሪ ከፋፍለው ለኩበት። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አገራቸው ተወርራለች፣ ራሳቸው በሰው እጅ ናቸው፣ ነገ የሚሆነውን አያውቁም፤ ሰውየው ግን ገበታ ገልብጠው ፀሐይን ይለካሉ።

በጋዝና ሳሉ ከጻፏቸው መጻሕፍት አንዱ ተሕዲድ የሚባለው ነው፤ የተጠናቀቀው በ416 ዓመተ ሂጅራ (1025) ነው። ዓላማው የጋዝናን ቂብላ በትክክል ማወቅ ነበር። ለዚህም የከተማዋንና የመካን ቦታ፣ በመካከላቸው ያሉትንም ከተሞች ርቀት እያያያዙ አሰሉ። ጥያቄው ለእኛም ሩቅ አይደለም። ደብረ ወርቅ ከመካ በስተደቡብ፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ የምትገኝ ስለሆነች ቂብላዋ ወደ ሰሜን ሆኖ ስምንት ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ዛሬ ይህን ስልካችን ይነግረናል፤ ስልኩ የሚከተለው ስሌት ግን እነአል-ቢሩኒ የደከሙበት የሉል ሒሳብ ነው።

ሱልጣኑ ህንድን ሲወር አል-ቢሩኒም ወደዚያው ሄዱ። ሌላው ምርኮ ሲሰበስብ እሳቸው የሳንስክሪት ቋንቋ ተማሩ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ተቀመጡ፣ በ1030ም ስለ ህንድ ሰፊ መጽሐፍ ጻፉ። ናንደና በተባለው ምሽግ አጠገብ ተራራ ላይ ወጥተው አድማሱ ከዓይን ልክ 34 ደቂቃ ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ለኩ (ደቂቃ ማለት የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ክፍል ነው)። ከተራራው ከፍታና ከዚህ መለኪያ ብቻ በመነሣት ከምድር እምብርት እስከ ገጿ ያለው ርቀት 12 ሚሊዮን 800 ሺህ ክንድ ያህል ነው አሉ። ምድርን ሳይዞሩ ምድርን መለኩ።

ለማሕሙድ ልጅ ለሱልጣን መስዑድ አሥራ አንድ ክፍል ያለውን አል-ቃኑን አል-መስዑዲን ባበረከቱ ጊዜ ሱልጣኑ አንድ ዝሆን የሚሸከመውን ያህል ብር ላከላቸው። አል-ቢሩኒ ግን አያስፈልገኝም ብለው መለሱት ይባላል። በሬይ ከተማ በድህነታቸው የተናቁት ሰው ናቸው እንግዲህ። በዓመት ከሁለት የበዓል ቀናት በቀር እጃቸው ከብዕር፣ ዓይናቸው ከመጽሐፍ፣ ልባቸውም ከሐሳብ እንደማይለይ ያቁት የተባለው ጸሐፊ ይነግረናል። ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የጻፏቸውን መጻሕፍት ራሳቸው ዘርዝረው ሲቆጥሩ ከአንድ መቶ በላይ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ የደረሱት ጥቂቶቹ ናቸው። ዓይናቸውና ጆሯቸው ከደከመም በኋላ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚናገር መጽሐፍ እያሰናዱ ነበር።

ያረፉት በጋዝና በ440 ዓመተ ሂጅራ (1048) ገደማ ነው። ስለ መጨረሻ ቀናቸው ይኸው ያቁት የሚያወሳው ነገር አለ። ወልወሊጂ የተባሉ ፈቂህ ሊጠይቋቸው ቢገቡ አል-ቢሩኒ ነፍሳቸው በጉሮሯቸው ደርሳ ያጣጥራሉ። ሆኖም እንግዳውን ሲያዩ አንድ ቀን ስላወጉት ጉዳይ፣ በእናት ወገን ያሉ አንዳንድ አያቶች የውርስ ድርሻ እንዴት እንደሚሰላ ጠየቋቸው። ፈቂሁ አዝነው በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው ስለዚህ መጠየቅዎ ምነው ቢሏቸው፣ ነገሩን አውቀው ዓለምን ቢሰናበቱ ሳያውቁት ከመሄድ እንደሚሻል መለሱላቸው። ፈቂሁም ስሌቱን አስረዷቸው፤ አል-ቢሩኒ በቃላቸው ይዘው መልሰው አሏቸው። ወልወሊጂ ተሰናብተው ወጥተው ገና መንገድ ላይ ሳሉ ከቤቱ የለቅሶ ድምፅ ሰሙ።